«ሸህና ኪታብ ካለ የፊቅህ ምርምር ተቋም ለምን?» ለሚለው ጽሑፍ ከጎጃም የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከባህር ዳር እስከ ማርቆስ ከሞጣ እስከ ቡሬ በየጀማዓው ቴሌግራም እየዞረ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ብዙዎቻችሁ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። የጻፈው ያገራችን ልጅ ነው፣ ኪታብ የቀራ (የዲን መጽሐፍ የተማረ) መሆኑም ካጻጻፉ ያስታውቃል፣ ስሙን ግን አላነሳም ምክንያቱም ክርክሬ ከሀሳቡ ጋር ነው። ባጭሩ ሚለው፣ የእስልምና ህግ ምርምር ተቋማት ሚባሉት፣ የካይሮው የአዝሃር መጅመዕ (የምርምር ጉባኤ)፣ የጅዳው የፊቅህ (የእስልምና ህግ) አካዳሚ፣ የመካው፣ የህንዱ፣ የአውሮፓው ምናምን፣ ለኛ ለጎጃም ሙስሊም ምንም አይፈይዱም ነው። ስድስት ምክንያት አስቀምጧል። ዲኑ ሙሉ ስለሆነ ሚመረመር ነገር የለም፣ አባቶቻችን በሸህና በኪታብ ብቻ ኖረዋል፣ ተቋማቱ የመንግስታትና የባንኮች አፍ ናቸው፣ እርስ በርስ እንኳን አይስማሙም፣ ጉዳያቸው የከተሜና የሀብታም ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገንዘብ ካለ መስጂድ ይሰራበት ይላል።

እኔ ዓሊም (የዲን ሊቅ) አይደለሁም፣ እህል ነው ምነግደው። ግን የነዚህን ተቋማት ውሳኔዎች ዓረብኛ ከሚችሉ ወንድሞች ጋር እየተጋገዝን ማንበብ ከጀመርን ቆይተናል፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ነጥቡ ዲኑ ሙሉ ነው ሚለው ነው። «ዛሬ ሃይማኖታችሁን ለናንተ ሞላሁላችሁ» ሚለውን የማኢዳን አንቀጽ ጠቅሶ ከዚህ በኋላ ምርምር ማለት ዲን ላይ መጨመር ነው ብሏል። አንቀጹ ላይ ማናችንም አንከራከርም። ግን ይሄ አንቀጽ ከወረደ በኋላ ነው'ኮ ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ አል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም (ሶርያ) ሲሄዱ ሰርግ ሚባለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ወረርሽኝ ገብቷል ሲባሉ ዝም ብለው ያልወሰኑት። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን (ከመካ የተሰደዱትን) ጠሩ፣ አልተስማሙም። አንሷሮችን (የመዲና ሰዎችን) ጠሩ፣ እነሱም አልተስማሙም። ከዛ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩና እነሱ ባንድ ድምፅ ሰዉን ይዘህ ተመለስ አሏቸው። አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር (ውሳኔ) ልትሸሽ ነው?» ሲሏቸው «አዎ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር» አሉ፣ ቀጥሎ አብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ ያላችሁበት ከሆነም አትውጡ ሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ተናገሩ። እስቲ ልብ በሉ፣ ዲኑ ሙሉ ነበር፣ ሐዲሱም ነበረ፣ ግን እዛ ከነበሩት ሐዲሱን የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ዑመርን የሚያህል ሰው እንኳን ሰው ሰብስቦ ካልጠየቀ አያገኘውም ነበር። የፊቅህ አካዳሚ ሚሰራው ከዚህ ምን ይለያል? ዲን አይጨምርም፣ አዲስ የመጣውን ነገር ይዞ ዲኑ ውስጥ ፍርዱን ይፈልጋል፣ አንዱ ያልያዘውን ሌላው ይይዛል።

ኪሳችን ያለውን የብር ኖት እንውሰድ። ወርቅ አይደለም፣ ዲርሃም አይደለም፣ የድሮ ኪታብ ውስጥ በስሙ አታገኘውም። ወረቀት ስለሆነ ሪባም (የወለድ ክልከላም) ዘካም (የግዴታ ምጽዋትም) አይነካውም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው በየግሉ በዑለማዎች (በሊቃውንት) ሲነሳ ቆይቶ የጅዳው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች የተቋማቱን ውሳኔ ስጠቅስ ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አማን ላይ ተሰብስቦ የወረቀት ገንዘብ በራሱ ሙሉ ገንዘብ ነው፣ የወርቅና የብር ህግ፣ ዘካውም ሪባውም፣ ይመለከተዋል ብሎ ወሰነ። ወንድማችን የሱቁን ዘካ በብር ኖት ሲያወጣ የሚከተለው ይሄንኑ ነው፣ ይሄ ዲን ላይ መጨመር ከሆነ የራሱን ዘካስ ምን ሊለው ነው።

ሁለተኛው፣ አባቶቻችን። ይሄን ነጥብ በክብር ነው ምመልሰው ምክንያቱም እኔም እነሱን ነው ምወደው። የጎጃም ሙስሊም ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አባቶቻችን ነጋዴዎች ነበሩ፣ ሸማኔዎች ነበሩ፣ በባሶ ገበያ ከጎንደርና ከደሪጣ የመጣው ነጋዴ ከአባይ ማዶ ከመጣው ሲራራ ጋር ይገናኝ ነበር። ዒልም (እውቀት) ሲፈልጉ ግን ምን አደረጉ? ደረሳው (ተማሪው) ስንቁን ይዞ ወሎ ተሻገረ፣ ዳናን ጀማ ንጉስን የመሳሰሉ ቦታዎች ሄዶ ዓመታት ተቀመጠ፣ ከዛ ተመልሶ አስተማረ። እቤታችን ያለው ይበቃናል አላሉም። ዒልሙ ያለበት ቦታ ድረስ በእግር ሄደዋል። ወንድማችን አባቶቻችንን ለመቀመጥ ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርባቸው ያሳዝነኛል፣ እነሱ የተጓዙ ናቸው።

ደግሞስ እነዛ ሸሆች ማያውቁትን አላውቅም ይሉ ነበር። ኢማም ማሊክ 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው 32ቱን አላውቅም አሉ ተብሎ ይተረካል። ዛሬ የመስጂዳችን ኢማም ላይ ሚመጣው ጥያቄ ምንድነው? ልጅቷ ሪያድ ናት፣ ልጁ ዳንግላ ነው፣ ኒካው (የጋብቻ ውሉ) በኢሞ ቪዲዮ ይታሰርልን ይላሉ። ሌላው ቴሌብር ላይ ትንሽ ብድር ወስዶ የተቆረጠበት ክፍያ የአገልግሎት ነው ወይስ ወለድ ብሎ ይጠይቃል። አንዷ እናት ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ረመዳን ሲመጣ ልጹም አልጹም ትላለች። እኚህ ሸህ ዶክተር አይደሉም፣ የባንክ ሰው አይደሉም፣ የመልሱ ሃላፊነት ግን አኼራ ላይ ሚጠየቁበት ነው። ብቻቸውን ነው የተውናቸው። ይሄን ነው ወንድማችን ይበቃል ሚለው?

መልሶቹ ደግሞ አሉ'ኮ! የኒካውን እንየው። አካዳሚው በ1990 ጅዳ ላይ በዘመናዊ መገናኛ ስለሚደረጉ ውሎች ሲወስን ተራርቀው ያሉ ሰዎች በጽሑፍም በስልክም ሊዋዋሉ እንደሚችሉ ተናገረ፣ ግን ኒካን ለይቶ አወጣው ምክንያቱም ኒካ ምስክር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሸሁ ለልጆቹ በኢሞ ከማሰር ይልቅ በውክልና አድርጉት፣ ምስክሮቹ እዚሁ ይቀመጡ ለማለት መሬት የያዘ ነገር አላቸው፣ ውክልና ደግሞ ኪታባችን ውስጥ ድሮም ያለ ነው። የብድር ክፍያውንም በሚመለከት በዛው በ1986ቱ ስብሰባ ለብድር የሚወሰድ የአገልግሎት ክፍያ ከእውነተኛው ወጪ ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ሪባ ነው ተብሏል። ይሄ መለኪያ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም የስልክ ብድር የተቆረጠው ብር በርግጥ ወጪውን ነው ወይስ ትርፍ አለበት ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ዝም ብሎ ሐራም ነው ሐላል ነው ከመባባል።

የስኳሯን እናት ጉዳይ ትንሽ ላስረዝመው ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል። በ1997 ጅዳ ላይ በቆዳም በጡንቻም በደም ስርም ሚሰጥ መርፌ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ካልሆነ ጾም አያፈርስም ተብሏል፣ የአይንና የጆሮ ጠብታም እንደዛው። እዛው ስብሰባ ላይ በአፍ ሚረጨውን የአስም መድሃኒት (ኢንሄለር) ግን ገና ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብለው አቆዩት። (ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ያላጣሩትን አላጣራንም ይላሉ።) ከዛ በ2009 ሻርጃ ላይ የስኳር በሽተኞችን ከሀኪሞች ጋር ሆነው እንደ አደጋው መጠን በአራት ከፈሏቸው፣ አደጋው በጣም ከፍተኛና ከፍተኛ የሆነባቸው ሁለቱ እንዲያፈጥሩ ግድ ነው፣ መጾም አይፈቀድላቸውም፣ የቀሩት ሁለቱ ይጾማሉ፣ የትኛው ውስጥ እንደሆኑ ሚወስነው ሀኪሙ ነው። እኛ ጋ ስንት እናት ነች አላህን ፈርታ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላ፣ ጾማ ስኳሯ ወርዶ ወድቃ ወደ ሆስፒታል ምትወሰደው። ውሳኔው ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ባማርኛ ተተርጉሞ መስጂድ በር ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ልጇ ያነብላት ነበር። ሸሁም በራሳቸው ድፍረት ሳይሆን ብዙ ዑለማና ብዙ ሀኪም አይተውታል ብለው ልቧን ያሳርፉላት ነበር።

ሸሁና ኪታቡ ባልበቁበት ቦታ ደግሞ ቦታው ባዶ አይቀመጥም። ቲክቶክ ይሞላዋል። ማን እንደሆነ ማይታወቅ ሰው፣ ከየት አገር እንደሆነ ማይታወቅ፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የሰውን ትዳር አፍርሶ ይሄዳል። ወንድማችን ምርጫው በሸህና በአካዳሚ መሀል አስመስሎታል፣ ወላሂ ያለንበት ዘመን ምርጫ እሱ አይደለም።

አሁን አምስተኛውን ነጥቡን ወደዚህ ላምጣው ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። «የጎጃም ገበሬ ኩላሊት አይቀይር፣ ከባንክ በሙራባሃ (ባንኩ እቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በሚሸጥበት ውል) አይገዛ፣ ዘካውን ከአውድማው ላይ ካስር አንድ አውጥቶ ይሄዳል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል» ነው ሚለው።

ካስር አንድ ከምኑ ላይ? ከየቱ እህል ላይ? ጥያቄው እዚህ ጋ ነው ሚጀምረው። የድሮ ገበሬ ዘሩ ከራሱ ጎተራ ነው፣ በሬው የራሱ፣ ማዳበሪያው የበረቱ ፍግ። የዛሬ የቡሬ ዙሪያ የበቆሎ ገበሬ ምርጥ ዘር በየዓመቱ ይገዛል፣ ዳፕና ዩሪያ ይገዛል፣ ፀረ አረም ይገዛል፣ የማዳበሪያ ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ እጁ ላይ ከሌለው ተበድሮ ነው። እንበል 40 ኩንታል በቆሎ ወቃ። የማዳበሪያና የዘር እዳው ሲሰላ 12 ኩንታል ሚያሸጥ ነው። ዘካው ከ40ው ነው ወይስ ከቀረው 28? ከ40 ካልን 4 ኩንታል ነው፣ ከ28 ካልን 2 ኩንታል ከ80 ኪሎ። ልዩነቱ ለአንድ ድሃ ገበሬ ቤት የሳምንታት ቀለብ ነው፣ ለዘካ ተቀባዩም እንዲሁ።

ባገራችን ሚቀራው የሻፊዒም የሀነፊም መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) ላይ የሚታወቀው እዳ የእህልን ዘካ አይቀንስም ሚለው ነው። ስለዚህ ገበሬው «ሸህዬ እዳ አለብኝ» ሲል ሸሁ ኪታባቸውን ገልጠው ከ40ው አውጣ ቢሉት አልተሳሳቱም። ግን አካዳሚው በ2001 ኩዌት ላይ ይሄን ጉዳይ ለብቻው አጥንቶ ወሰነ። የመስኖ ወጪ አይቀነስም አለ፣ ምክንያቱም ሸሪዓው ራሱ በወጪ ለሚጠጣው እርሻ መጠኑን ካስር አንድ ወደ ካስር ግማሽ (ከሃያ አንድ) አውርዶታል። መሬት ማስተካከያና ቦይ መቁፈሪያ አይቀነስም አለ። ዘርና ማዳበሪያ ፀረ ተባይ ከራሱ ኪስ ከገዛው እሱም አይቀነስም። ገንዘብ ስለሌለው ተገዶ ተበድሮ ከገዛው ግን እዳው ከምርቱ ላይ ይቀነስና ዘካው ከቀረው ይወጣል። መሰረቱ ደግሞ ዝም ብሎ ለገበሬው መራራት አይደለም፣ ኢብኑ ዑመርና ኢብኑ ዐባስ ለእርሻው ተበድሮ ስላወጣ ሰው የተናገሩት አለ፣ እዳውን ከፍሎ ከቀረው ዘካ ያወጣል ያሉት። ወደ ሶሃባዎቹ (የነቢዩ ባልደረቦች) ነው የተመለሱት። ዲን ላይ ጨመሩ ወይስ ከኛ ርቆ የነበረውን አመጡልን?

ይሄን የሰማ ገበሬ ስንት ነው? እኔ እህል ስሸምት ከማገኛቸው ሙስሊም ገበሬዎች ውስጥ ይሄን ውሳኔ አውቃለሁ ያለኝ የለም። የኒሳቡን (ዘካ ሚጀምርበትን) መጠን እንኳን፣ አምስት ወስቅ ሲባል በዛሬ ሚዛን ብዙ ዑለማ 653 ኪሎ ግድም፣ ማለትም ስድስት ኩንታል ተኩል አካባቢ ነው ብለው ያሰሉታል፣ እሱንም ማያውቅ ብዙ ነው፣ ሶስት ኩንታል ጤፍ ያገኘ ድሃ ዘካ አለብኝ ብሎ ሲጨነቅ አውቃለሁ፣ ባንጻሩ 60 ኩንታል ወቅቶ ትንሽ ቁና ሰጥቶ ሚጨርስ አለ።

ደግሞ የኛ ብቻ የሆኑ ጥያቄዎች አሉ፣ ጅዳ ሆኖ ማንም ማይመልሳቸው። መራዊ ጋ ያለው ቆጋ መስኖ 7000 ሄክታር ግድም ያለማል፣ ውሃው ከግድብ በቦይ ነው ሚመጣው፣ ገበሬው በጉልበቱ አይስበውም፣ ግን ግድቡም ቦዩም ብዙ ወጪ ወጥቶበታል። ካስር አንድ ነው ካስር ግማሽ? ከወንዝ በሞተር ፓምፕ ነዳጅ ገዝቶ ሚስበው ጎረቤቱስ ከሱ ጋር እኩል ነው? አዊ ላይ ደግሞ ሰው ጤፉን ትቶ ዲከረንስ ሚባለውን ዛፍ ተከለ፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቅና ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፣ ጥሩ ገንዘብ ነው። ዘካ አለው? ሻፊዒዮች ዘካ ለምግብ በሚቀመጥ እህል ላይ ነው ይላሉ። ሀነፊዮች ጋ ተራ ማገዶ እንጨት የለበትም፣ ግን ሰውየው መሬቱን አውቆ ለዛ ካለማው አለበት ሚል አለ። የንግድ እቃ እንበለውስ ብንል ከመቼ ጀምሮ? ይሄን አንድ የኢንጅባራ ኢማም ብቻውን ይወስን? የግብርና ባለሙያ ይዞ፣ የሁለቱንም መዝሀብ ዑለማ ቁጭ አድርጎ፣ ማሳው ድረስ ሄዶ ማየት ነው ሚያስፈልገው። ይሄ ስራ ምርምር ካልተባለ ምን ይባላል? የገበሬ ጉዳይ አይደለም ያለው ወንድማችን እስቲ አንድ ሳምንት አውድማ ለአውድማ ይዙር።

ኩላሊቱንም ቢሆን ሀብታም ብቻ አያመውም። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅለ ተከላ ይሰራል፣ ሰጪው ዘመድ ነው። ከቢቸና የሄደ ወንድም ለወንድሙ ልስጥ ወይ ቢል መልሱ በ1988 ተነግሯል፣ የሰጪው ህይወት ያለሱ እስከቆመ ድረስ ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን በፍጹም። ይሄን ሳያውቅ ሐራም ይሆን እያለ ቀን ሚቆጥር ሰው ቢኖርስ?

ወደ ሶስተኛው ነጥብ፣ መንግስታትና ባንኮች። ከጽሑፉ ውስጥ ጠንካራው ይሄ ነው፣ እውነትም አለበት። የአዝሃሩ መጅመዕ በግብፅ መንግስት ህግ በ1961 የተቋቋመ ነው፣ የጅዳውም የእስላማዊ ትብብር ድርጅት በሚባለው የመንግስታት ማህበር ስር ነው። የአዝሃሩ በ1965 የባንክ ወለድ ሁሉ ሪባ ነው አለ፣ በ2002 ደግሞ ባንክ አስቀድሞ ወስኖ ሚሰጠው ትርፍ ይፈቀዳል አለ። ይሄ ያማል፣ አልሸፍነውም። ግን ሁለት ነገር ይታይልኝ። አንደኛ፣ የጅዳው በ1985 ወለድ ሪባ ነው ብሎ ስለወሰነና ጽሑፉ እጃችን ላይ ስላለ ነው ወንድማችንም እኔም ዛሬ የ2002ቱን ከ1965ቱና ከ1985ቱ ጋር አስተያይተን ልንተች የቻልነው። ተጽፎ፣ ማስረጃው ተቀምጦ፣ አይቶ መቃወም ይቻላል። ሹክ ተብሎ የተሰጠ ፈትዋ ቢሆን ኖሮ በምን ትይዘዋለህ? ሁለተኛ፣ የባንኮች አፍ ናቸው ሚለውን በ2009 የሆነው ያፈርሰዋል። ያኔ ብዙ እስላማዊ ባንኮች የተደራጀ ተወሩቅ ሚባለውን፣ ማለትም ባንኩ እቃ በዱቤ ሸጦልህ ያንኑ እቃ ባንተ ስም ለሌላ ሸጦ ጥሬ ብር ሚያስጨብጥህን አሰራር፣ በደንብ ይሰሩበት ነበር። አካዳሚው ሻርጃ ላይ አይፈቀድም አለ። ገንዘብ ሚያመጣላቸውን ነው ያገደባቸው። ለባንክ ሚቆም ሰው እንዲህ አያደርግም።

እኛም አገር ነገሩ ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ከወለድ ነፃ መስኮት ፈቀደ፣ በ2021 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ስራ ጀመረ። ማርቆስ ቅርንጫፍ ገብቶ ባጃጅ በሙራባሃ ሚገዛ ልጅ ሚፈርምበት ውል ከየት መጣ? የባንኩ የሸሪዓ አማካሪዎች ሚያዩት እነዚህን ውሳኔዎችና በባህሬን መቀመጫውን ያደረገው የእስላማዊ ሂሳብ አያያዝ ድርጅት ያወጣቸውን መስፈርቶች ነው። ሙራባሃው ላይ ባንኩ እቃውን ሳይገዛና ሳይረከብ ሊሸጥልህ አይችልም ሚለው ሁኔታ በ1988 ኩዌት ላይ የተነገረ ነው። ይሄን ያወቀ ልጅ ባንክ ቤት ቁጭ ብሎ «ባጃጁን መጀመሪያ ገዝታችኋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያላወቀው የተሰጠውን ይፈርማል። መፍራት ካለብን ያልጠየቀውን ልጅ ነው።

አራተኛው፣ አይስማሙም ሚለው። አዎ አይስማሙም። አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ስለሞተ፣ በመሳሪያ ብቻ ስለሚተነፍስ ሰው የጅዳው በ1986 እንደሞተ ይቆጠራል አለ፣ የመካው በ1987 መሳሪያውን መንቀል ይቻላል ግን ልቡና ትንፋሹ እስኪቆም የሞት ህግ አይጸናበትም አለ። ውርስና ዒዳ (ባሏ የሞተባት ሴት ሳታገባ ምትቆይበት ጊዜ) ላይ ልዩነት ያመጣል። ታዲያ ምን? ኢማም ሻፊዒ ዒራቅ ሳሉ ያሉትን ግብፅ ገብተው ቀይረዋል፣ ቀዲምና ጀዲድ (የድሮውና አዲሱ) እያልን እንቀራዋለን፣ አቡ ሀኒፋን ተማሪዎቻቸው ተቃውመዋቸዋል። ወንድማችን እነዛን ልዩነቶች ራህመት (እዝነት) ብሎ ያስተምራል፣ የዛሬዎቹ ሲለያዩ ግን ፊትና (መከፋፈል) ይላቸዋል። ጨረቃንም አንስቷል፣ አንዱ አገር ይጾማል አንዱ ያፈጥራል ብሎ። የጅዳው በ1986 አንድ አገር ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ ሌላውም ይያዘው፣ መሰረቱ ማየት ነው፣ የከዋክብት ስሌትና መመልከቻ ደግሞ ያግዝ ብሎ ነበር። ያልተቀበሉት አገራቱ ናቸው። ተቋሙ ተናግሮ ያልሰሙትን እዳ ተቋሙ ላይ መጫን ፍትህ አይደለም።

ስድስተኛው፣ ገንዘቡ። መስጂድ ይሰራበት፣ አዎ፣ እኔም አዋጣለሁ፣ ጎጃም ውስጥ መስጂድ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ለኔ ሚነግረኝ የለም። ግን ሚፈለገው ህንጻ ነው ያለው ማነው? መጅሊሳችን (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) በ2012 ዓ.ም በአዋጅ 1207 ህጋዊ ሰውነት አግኝቷል፣ ዑለማ አሉት። ኢትዮጵያ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አባል ስላልሆነች ጅዳ ላይ የቆጋን ጥያቄ ይዞልን ሚቀርብ መንግስት የለንም፣ ስለዚህ እዚሁ ሚያጠና ያስፈልገናል። መጀመሪያ ሚያስፈልገው ሁለት ሶስት ዓረብኛና አማርኛ በደንብ ሚችሉ ደረሶች፣ አንድ የሂሳብ ሰው፣ አንድ የግብርና፣ አንድ ሀኪም፣ ከላይ ሆነው ሚያርሙ የሻፊዒና የሀነፊ ዑለማ ናቸው። የሴቶች ጥያቄ ደግሞ በወንድ በኩል ዞሮ እየመጣ ተበላሽቶ ነው ሚደርሰው፣ ስለዚህ የቀራች እህት እዛ መቀመጥ አለባት። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ስንት ናቸው በየሆስፒታሉ ሚንከራተቱ፣ በ1986 በህክምና ስለሚደረግ ጽንስ ከሰባት መንገድ አምስቱ ተከልክለው ሁለቱ፣ በትዳር ውስጥ ባሉ ባልና ሚስት መሀል ብቻ የሆኑት፣ እንደተፈቀዱ ለሚስቲቱ ማን ይነግራታል፣ እሷስ ማንን ነው ሳታፍር ምትጠይቀው?

ሙሉ የጥናት ማእከል ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የ2001ዱ የእርሻ ዘካ ውሳኔ ግን አንድ ገጽ ናት፣ ዓረብኛውን የያዝነው ወንድሞች ረቂቅ ትርጉም ጀምረናል። ወንድማችን ዓረብኛው ከኛ ይሻላል፣ ኪታብም ቀርቷል። ትርጉሙን እንልክለትና ይረመው፣ ከመዝሀቡ ጋር ሚጋጭበትን ቦታ በህዳግ ላይ ይጻፍበት፣ ማይስማማበትን በማስረጃ ይግለጽ፣ ከዛ ለየወረዳው መጅሊስ እናስገባው። በቆሎው ተወቅቶ እዳ ሰብሳቢ ከመምጣቱ በፊት መድረስ አለበት፣ ስለዚህ መልሱን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብጠብቅ ደስ ይለኛል።